በቮን ዊሊያምስ «የታሊስ ፋንታዚያ» ውስጥ የሚሰማው የገደል ማሚቶ ከየት ነው?

ጥያቄ፦
የእንግሊዛዊውን የሬፍ ቮን ዊሊያምስን «ፋንታዚያ በቶማስ ታሊስ ዜማ ላይ» (የ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ የዜማ ደራሲ በሠራው ዜማ ላይ የተመሠረተ ነጻ ድርሰት) ሰሞኑን በጆሮ ማዳመጫ ደጋግሜ ሰማሁት። ትልቁ ኦርኬስትራ አንድ ሐረግ ተጫውቶ ሲያበቃ፣ እንደ ገደል ማሚቶ ቀጠን ያለ ድምፅ ከሩቅ ይመልስለታል። ይህ በቀረጻ ጊዜ የተጨመረ ነው ወይስ ደራሲው የጻፈው? ደግሞስ ዜማውን ሐዘን ነው እንዳልል የሚያበራ ነገር አለው፤ ደስታ ነው እንዳልል ሆድ ያባባል። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦
ደራሲው የጻፈው ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ የትንፋሽ መሣሪያም ከበሮም የለም፤ ያሉት ከቫዮሊን እስከ ኮንትራባስ ያሉ ባለ ክር መሣሪያዎች ብቻ ሲሆኑ፣ እነርሱም ሙሉ ኦርኬስትራ፣ ዘጠኝ ተጫዋቾች ብቻ ያሉት ሁለተኛ ኦርኬስትራ እና አራት ብቸኛ ተጫዋቾች ተብለው በሦስት ይከፈላሉ። የሰሙት የእነዚህን መቀባበል ነው። ደራሲው በኖታው ላይ ዘጠኙ ከተቻለ ከሌሎቹ ተነጥለው እንዲቀመጡ፣ ካልተቻለ ግን በየመቀመጫቸው ሆነው እንዲጫወቱ አሳስቧል፤ ርቀቱ በአንዱ ቀረጻ ጎልቶ በሌላው የሚደበዝዝበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. መስከረም 6 ቀን 1910 በራሱ በደራሲው መሪነት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በግሎስተር ካቴድራል ውስጥ መሆኑንም ያስቡ። በእንዲህ ያለ ከፍ ያለ የድንጋይ ሕንፃ ውስጥ አንዱ ሐረግ ገና ሳይጠፋ የሌላው መልስ ይደርስበታል።

መልስ፦
ስለ ዜማው ልጨምር። ታሊስ እ.ኤ.አ. በ1567 ለሊቀ ጳጳስ ፓርከር የመዝሙር መጽሐፍ ካዘጋጃቸው ዘጠኝ ዜማዎች ሦስተኛው ሲሆን፣ የተሠራውም «አሕዛብ ለምን ያጉረመርማሉ?» ለሚለው ለመዝሙር 2 ነው። ቮን ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1906 የወጣውን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መዝሙሮች ስብስብ ሲያሰናዳ ይህን ዜማ አስገብቶት ነበር። ቅኝቱ ፍሪጂያን ይባላል። በፒያኖ ላይ «ሚ» (E) ከሚባለው ቁልፍ ተነሥተው ነጮቹን ቁልፎች ብቻ እየነኩ ወደ ላይ ቢወጡ፣ የመጀመሪያው እርምጃ ግማሽ ድምፅ ብቻ መሆኑን ይሰማሉ። ሆድ የሚያባባው ያ ጠባብ እርምጃ ይመስለኛል። ብርሃኑ ደግሞ ከማረፊያው ይመጣል፤ ዜማው እንዲህ ሲያዘግም ቆይቶ የመጨረሻው ኅብረ ድምፅ ሜጀር (ብሩህ ሆኖ የሚሰማው ዓይነት) ይሆናል።

መልስ፦
እኔ በአንድ ካቴድራል ውስጥ ሲቀርብ ለማዳመጥ ዕድል አግኝቻለሁ። ዘጠኙ ከበስተኋላችን ተቀምጠው ስለነበር የመጀመሪያው መልስ ሲመጣ ብዙዎቻችን ሳናስበው ዞር አልን። ሆኖም ከሁሉ የያዘኝ መካከል ላይ ቪዮላ (ከቫዮሊን ጥቂት ተለቅ ያለችውና ድምፅዋ የሚወፍረው መሣሪያ) ብቻዋን የምትጀምረውና ቫዮሊን የሚቀበላት ቦታ ነው፤ ያን ሁሉ ድምፅ የሞላው አዳራሽ በድንገት የሁለት ሰዎች ጭውውት ይሆናል። ጠያቂው እዚያ ቦታ ላይ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቀው፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው ክፍሉ ውስጥ ቢለቁት እመክራለሁ።