ክርክር፦ የሶቆጥራ ስም ግሪክ ነው?

መነሻ፦ በሕንድ ውቅያኖስ ያለችው የየመን ደሴት ሶቆጥራ ስሟን ያገኘችው ከግሪኮቹ መንትያ አማልክት፣ ከዲዮስኩሪ ነው ይባላል። ያስኬዳል?

ባሕረኛው፦ ያስኬዳል። በ1ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የመርከበኞች መምሪያ ፔሪፕለስ ደሴቷን «ዲዮስኩሪዱ» ይላታል። መንትዮቹ የመርከበኛ ጠባቂዎች ነበሩ፤ ጳውሎስ ከመላጥያ የተሳፈረባት መርከብም የእነሱን ምልክት ይዛለች (ሐዋ. 28፡11)።

ፊደል ቆጣሪ፦ ሰዋስዉን እይ እንጂ ወንድሜ! የመንትዮቹ ቢሆን «ዲዮስኩሮን» ይል ነበር። «ዲዮስኩሪዱ» ነጠላ ነው፤ «የዲዮስኩሪደስ» ማለት፣ ያውም ተራ የሰው ስም። አማልክቱ እዚህ ላይ ወደቁ። የጥንት ደቡብ ዓረብ ጽሑፎች ደግሞ ደሴቷን ስ-ክ-ር-ድ ብለው ይጽፏታል። ከግሪኩ «ዲዮ»ን አንሳና የቀሩትን ተነባቢዎች ቁጠር፤ እነዚያው አራቱ ናቸው። ግሪኩ ያገሬውን ስም ሰምቶ ወደሚያውቀው ስም አስጠጋው።

እሬት፦ «ዲዮ»ስ ከየት መጣ? በሳንስክሪት ደሴት «ድቪፓ» ነው። «ድቪፓ ሱኻዳራ»፣ የደስታ ደሴት፣ የሚሉት አሉ።

ፊደል ቆጣሪ፦ «ድቪፓ»ን ለ«ዲዮ» እቀበላለሁ። «ሱኻዳራ» ላይ ግን ድ ከር ይቀድማል፤ በአሮጌዎቹ ቅርጾች ር ነው የሚቀድመው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ የሚገኘው በኋለኛው ዓረብኛ «ሱቁጥራ» ነው። «ሱቅ ቁጥራ»፣ የጠብታ ገበያ፣ የሚለው የዓረብኛ ፍቺም በዚሁ ይሰናከላል።

ባሕረኛው፦ የእስክንድርያው ነጋዴና ተጓዥ ኮስማስስ? በ6ኛው መቶ ዘመን ነዋሪዎቹ ግሪክኛ ይናገራሉ፣ ጥንት ግብፅን የገዙት የግሪክ ዘር ነገሥታት፣ ጥሌማውያን፣ ያሰፈሯቸው ናቸው ብሏል።

የአዱሊስ ወዳጅ፦ ኮስማስ ደሴቷ ላይ አልወረደም፤ በአጠገቧ አልፎ ነው የሄደው። ያነጋገራቸው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ያገኛቸውን ነው። የአክሱም ነገሥታት በገንዘባቸው ላይ ግሪክኛ በሚጽፉበት አገር ለንግድ የመጣ ሰው ግሪክኛ ቢናገር ዘሩን አይመሰክርም። ፔሪፕለስም ነዋሪዎቹን ሲዘረዝር ዓረቦችን፣ ሕንዶችንና ለንግድ የመጡ አንዳንድ ግሪኮችን ነው የሚለው። በደሴቷ ያለውን የሆቅ ዋሻንም እዩ፤ ከ200 በላይ ጽሑፎች ተገኝተዋል። አብዛኞቹ በሕንድ ብራህሚ ፊደል ናቸው፣ የደቡብ ዓረብም፣ የእኛው የአክሱም መርከበኞች የጫሩትም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ258 የተጻፈ፣ ከጥንታዊቷ የሶርያ ከተማ የፓልሚራ ሰው ጣውላ ሳይቀር። ግሪክኛው እጅግ ጥቂት ነው።

ባሕረኛው፦ ዋሻ ላይ ስሙን የሚጭር አላፊ መንገደኛ ነው። ነዋሪውን አያሳይም።

የአዱሊስ ወዳጅ፦ ልክ ነህ፣ አያሳይም። ነዋሪውን የሚያሳየው ሶቆጥርኛ ነው፤ እስከ ዛሬ በደሴቷ የሚነገር፣ በየመንና በኦማን የሚነገረው የመህርኛ ዘመድ የሆነ ሴማዊ ቋንቋ።