ሦስተኛዋ ነጥብ፦ ከመድረክ ወርደን ቤት እስክንገባ

አስተባባሪ (የድምፅ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው የተነጋገርነውን አሰባስቤ ረቂቁን ጽፌዋለሁ። ከመድረክና ከካሜራ ጀርባ የምንሠራ ሰዎች ልናቋቁመው ባሰብነው የሠራተኛ ማኅበር በኩል ለኮንሰርት ፕሮሞተሮች፣ ለፊልም ፕሮዲውሰሮችና ለድግስ አዘጋጆች በጋራ የምናቀርበው ጥያቄ ነው። ለጊዜው አራት ነጥብ አለው። ሥራ ሳይጀመር የጽሑፍ ውል፣ የታወቀ የሥራ ሰዓት፣ በሁለት የሥራ ቀን መካከል እረፍት፣ መንገድ ተዘግቶም ሆነ በሌላ ምክንያት ሥራ በመጨረሻ ሰዓት ሲሰረዝ የሚከፈል ካሳ። የጎደለውን ጨምሩበት።

ረዳት ካሜራ (ሸዋ ሮቢት)

እጅሽ ይባረክ። ሦስተኛዋ ነጥብ ግን ጎዶሎ ናት። መመለሻ መኪና ይግባባት።

ደብረ ብርሃን ላይ ኮንሰርት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ያልቃል እንበል። ሕዝቡ ይበተናል፣ ዘፋኙ ሆቴሉ ይገባል። እኛ ኬብል ጠቅልለን፣ መብራት አውርደን፣ ስፒከር ጭነን ስንጨርስ ሊነጋ ነው። ከዚያ «በሉ ደህና ግቡ» ነው። የሮቢት ልጆች ዕቃ በጫነው አይሱዙ ላይ ተሳፍረን ቁልቁል እንወርዳለን። ሹፌሩም እንደኛ ቆሞ ያደረ ሰው ነው። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲወርድ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የመንገዱን ጠርዝ እያየ «ግራ፣ ትንሽ ግራ» ይለዋል። ጋቢና የገባው ሰው ሥራ ደግሞ ሹፌሩ እንዳይተኛ ማስወራት ነው።

ይኼ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ብሬንት ኸርሽማን የሚባል አሜሪካዊ ረዳት ካሜራ 19 ሰዓት ሠርቶ ወደ ቤቱ ሲነዳ እንቅልፍ ጣለውና ሞተ። የእኔው ሙያ ስለሆነ ነው መሰለኝ ከአእምሮዬ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ1893 የተመሠረተው የእነሱ የመድረክና የፊልም ሠራተኞች ማኅበር፣ አያትሲ፣ በ2021 አባላቱን ለሥራ ማቆም ድምፅ ሲያሰጥ ከመረጡት ከ98 በመቶ በላይ ተስማሙ። ሥራው ሳይቆም ድርድሩ አለቀ። ካገኙት ውስጥ በሁለት የሥራ ቀን መካከል 10 ሰዓት እረፍት፣ በሳምንቱ መጨረሻ 54 ሰዓት እረፍት ይገኝበታል። እኛም 10 ሰዓቱን እንጻፍ።

የጀነሬተርና የድምፅ መሣሪያ አከራይ (ደብረ ሲና)

ልጆቼ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ፕሮሞተሩ ለእኔ በጥቅል ነው የሚከፍለኝ። የልጆቹን አበል፣ ነዳጁን፣ መኪናውን ከዚያው ላይ እኔው ነኝ የማብቃቃው። መኪና የግድ ነው ከተባለ ዱላው በእኔ ላይ ሊያርፍ ነው። ደግሞስ እኔ ከየት ወገን ነኝ? ሌሊቱን አብሬያችሁ ነው የማድረው። ከማኅበሩ በፊት ዕድር ብናቋቁም አይሻልም? ሁላችንንም ያቅፋል።

አስተባባሪ

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ሕጉን ላስቀድም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ውስጥ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ከ10 በታች ሠራተኛ ባላቸው የተለያዩ ድርጅቶች የሚሠሩ ደግሞ ተሰባስበው ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ፤ አባላቱ ከ10 እንዳያንሱ ብቻ ነው። እኛ የምንገባው በዚህ በር ነው። አንዱ ጋ ሦስት፣ ሌላው ጋ አራት ሆነን የተበታተንን ነንና።

ችግሩ፣ ማኅበሩ የሠራተኛ ነው። እርስዎ ልጆች ቀጥረው ያሠራሉ። ከእነሱ ጋር አንድ ማኅበር ውስጥ ከሆኑ ልጆቹ ስለ አበላቸው ከማን ጋር ይደራደራሉ? በግል ኃላፊነቱ ሥራ ተቀብሎ የሚሠራም በአዋጁ አይሸፈንም። ካሜራውን ይዞ፣ ዋጋውን ቆርጦ የሚሠራው ባለሙያ ከዚህ ሊመደብ ይችላል። በሰው ትእዛዝ ሥር ሆኖ ሙያውንና ጉልበቱን ብቻ ይዞ የሚመጣው ግን ለአንድ ሥራ ብቻ ቢቀጠርም ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን ስናዘጋጅ «ዕቃው የማን ነው? የሚያዝዝህ ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ።

ዕድሩን እኔም እፈልገዋለሁ፤ ለብቻው እናቋቁመው። ግን ዕድር የሚደርሰው ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። መኪናው አስቀድሞ ነው የሚያስፈልገን።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ። በአዋጁ የሥራ ላይ ጉዳት ከደረሰ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የጋራ አገልግሎት ባቀረበው ወይም ለዚሁ ብሎ በተከራየው መኪና ወደ ሥራ ስንሄድና ስንመለስ የደረሰ ጉዳትም የሥራ ላይ ጉዳት ነው። ሊፍት ለምነን በሄድንበት መኪና ከተጎዳን ግን ክርክር ውስጥ ነው የምንገባው። ስለዚህ «መኪና ይቅረብልን» ስንል ስለ ምቾት ብቻ እያወራን አይደለም።

ሜካፕና አልባሳት (ደብረ ብርሃን)

በመኪናው እስማማለሁ። ሰዓቱ ከየት እንደሚቆጠር ግን ይጻፍ። አንኮበር ላይ ቀረጻ ሲኖር ዳይሬክተሩ «ጠዋት 1 ሰዓት እንጀምራለን» ይላል። ለእሱ 1 ሰዓት ነው። እኔ ግን ተዋናዮቹን ለማዘጋጀት ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቻለሁ። በዚያ ብርድ ጣቴ ደንዝዞ ብሩሽ መያዝ ያቅተኛል፤ ሙቅ ውሃ እንኳ ለምኜ ነው የማገኘው። ማታም ሁሉ ሲሄድ ልብስ ቆጥሬ፣ አጣጥፌ፣ የረጠበውን አስጥቼ ነው የምወጣው። የሥራ ሰዓት ካሜራው ሲከፈት ሳይሆን የመጀመሪያው ሠራተኛ ሥራ ከጀመረበት ይቆጠር።

እዚያው ስናድር ደግሞ የማደሪያውም ነገር ይጻፍ። ከውስጥ የሚቆለፍ በር ይኑረው፣ ሴቶች ለብቻ። «አንድ ክፍል ውስጥ ተጣበቡ» መባል ሰልችቶናል። ይህችን ነጥብ ማንም እንዳያወጣብኝ።

ኤዲተር (ደብረ ብርሃን)

እኔ የወር ደመወዝተኛ ነኝ። የሠርግ ወቅት ሲመጣ ስቱዲዮ ነው የማድረው፤ የትርፍ ሰዓት የሚባል ግን የለም። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከዚያ ካለፈ የሰዓቱ ደመወዝ ቀን በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በዕረፍት ቀን 2፣ በበዓል ቀን 2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ይኼ ሕግ ስለሆነ አንለምነውም፤ «በአዋጁ መሠረት» ብለን እንጻፈው። ለቋሚዎቻችን ጡረታም ይግባ፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ።

አስተባባሪ

የኤዲተራችንን ሐሳብ በሁለተኛዋ ነጥብ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ሦስተኛዋ እንዲህ ሆናለች፦

«የሥራ ሰዓት የመጀመሪያው ሠራተኛ ሥራ ከጀመረበት አንስቶ ዕቃ ተጭኖ እስኪያልቅ ይቆጠራል። በሁለት የሥራ ቀን መካከል 10 ሰዓት እረፍት ይኖራል። ሥራው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ካለቀ አሠሪው ማደሪያ ወይም መኪና ያቀርባል። ማደሪያው ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ሴቶች ለብቻ የሚያድሩበት ይሆናል። መኪናው የሰው ማመላለሻ እንጂ ዕቃ የጫነ አይሆንም፤ ሹፌሩም በዚያ ሌሊት ሥራ ላይ ያልነበረ ይሆናል። የማደሪያና የመኪና ወጪ በውሉ ላይ ለብቻው ተጽፎ በፕሮሞተሩ ወይም በፕሮዲውሰሩ ይሸፈናል፤ ከመሣሪያ ኪራይ ላይ አይቀነስም።»

ጋሼ፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለእርስዎ ጥያቄ ነው የተጻፈችው።

የጀነሬተርና የድምፅ መሣሪያ አከራይ

አየሁት ልጄ። ለብቻው ከተጻፈ ፕሮሞተሩ ዋጋ ሲከራከረኝ መኪናውን ሊያስቆርጠኝ አይችልም። እንግዲያው ስሜን ከማኅበሩ ዝርዝር አውጡት። ሁለቱ ልጆቼ ይግቡ፣ እኔ አልከፋም። ከአከራዮች በኩል የመጀመሪያው ፈራሚ እኔ ነኝ፤ የአጣዬውንና የመሐል ሜዳውን አከራይም አነጋግራለሁ። ሁላችንም አንድ ቃል ካልሆንን ፕሮሞተሩ ያለ መኪና የሚሠራለትን ፈልጎ ይሄዳል።

ረዳት ካሜራ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የሮቢትን ልጆች ፊርማ እኔ አሰባስባለሁ።

አስተባባሪ

ለምዝገባ መተዳደሪያ ደንብ፣ የመሪዎች ስም፣ አድራሻና ፊርማ፣ የማኅበሩ ስምና ዓርማ፣ እንዲሁም አባላቱ የሚሠሩባቸው ድርጅቶች ስም ያስፈልጋል። ዓርማውን ኤዲተራችን ይሥራው። የሜካፕ እህታችን ደንቡን ከእኔ ጋር ታርቅቅ። የሌሎቻችሁ ሥራ እያንዳንዱ አባል የት እንደሚሠራና ማን እንደሚከፍለው ጠይቃችሁ እስከ እሑድ መላክ ነው።