ደርቆ የተሰነጠቀ ሲጋር ወደ ደህናው ይመለሳል ወይስ ሌላ ልምረጥ?

ሰላም፣ ሲጋር የምታውቁ እስቲ እርዱኝ። ደብረ ማርቆስ ለጥር ሰርግ 20 የኒካራጓ ሲጋር ልገዛ ነው። መሃሉ ላይ ጠጣር ቋጠሮ ያለውን ለይቼ አውጥቻለሁ፤ እሱ ጭስ አያሳልፍም። የቀሩት ግን በጣት ሲጫኗቸው ይንኮሻኮሻሉ፤ የአንዳንዱ የላይኛው ቅጠል በሚለኮሰው ጫፍ በኩል ተሰንጥቋል። የእርጥበት መለኪያዬን በእርጥብ ጨው ስፈትሸው 75 ማሳየት ሲገባው 70 አለ፤ ስለዚህ 5 እጨምርበታለሁ። ሲጋሮቹ ያሉበት ሳጥን ውስጥ 52 ይላል፣ ማለትም 57 ከመቶ። ወደ 65 በስንት ሳምንት ላድርሰው? ከቸኮልኩ ውስጡ አብጦ ቅጠሉን ይቀደዋል። ሻጩ «ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው» ይላል፤ ፍሪጅ እኮ ጭራሽ ያደርቀዋል፣ የወጥ ሽታም ያስይዘዋል! የተሰነጠቁትንስ ለሻጩ ልመልሳቸው?