ውድድር ላይ ብቻ የሚይዘኝ ፍርሃት

ዕድሜዬ 17 ነው፤ የምኖረው እስራኤል፣ አሽዶድ ነው። ሰርፊንግ (በሰሌዳ ላይ ቆሞ ማዕበል መጋለብ) እወዳደራለሁ። ባለፈው ጥር ውድድር ላይ ወድቄ፣ ገና ሳልወጣ ሌላ ማዕበል መጣብኝ፤ ከዚያም ሌላ። የሜዲትራኒያን የክረምት ማዕበል በየጥቂት ሰከንዱ ስለሚከታተል ፋታ አይሰጥም። ትንፋሽ አጥሮኝ ወጣሁ፤ ጉዳት ግን አልደረሰብኝም።

አሁን ከጓደኞቼ ጋር ስሆን ያን የሚያህል ማዕበል እጋልባለሁ። የውድድር ማሊያ ለብሼ ጡሩምባው ሲነፋ ግን እጄ አልቀዝፍም ይላል። ነጥብ የሚያዘው ከሁለቱ ምርጥ ማዕበሎች ነው፤ ዝም ብሎ መጠበቅ በቃ መሸነፍ ነው።

ከአሰልጣኜ ጋር ገንዳ ውስጥ ትንፋሽ መያዝ ተለማመድኩ። ትንፋሼ ተሻሻለ፣ ፍርሃቱ ንቅንቅ አላለም። ሰው ሁሉ ስለ አሜሪካዊቷ ሰርፈር ቤታኒ ሃሚልተን ይነግረኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ሻርክ ክንዷን ቆርጦባት፣ ወር ሳይሞላ ወደ ባህር የተመለሰችው። ጀግና ናት፤ እኔን ግን ይበልጥ አሸማቀቀኝ። እማዬማ «ተዪው በቃ» ብላለች።

ቀጣዩ ውድድር በሚመጣው ወር ነው። በየትኛውም ስፖርት ከድንጋጤ በኋላ ወደ ውድድር የተመለሳችሁ፣ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ምን አድርጋችሁ አለፋችኋት?