ጃፓንኛ ሳልችል ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቶኪዮ ልሄድ ነው፤ ምን ላዘጋጅ?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከአገር ወጥቼ የማላውቅ ስሆን፣ በመጪው ዐቢይ ጾም ለሥልጠና ወደ ቶኪዮ እሄዳለሁ። ቪዛዬ ተሰጥቶኛል፤ በረራዬም በሴኡል በኩል እስከ ናሪታ ነው። ጃፓንኛ ፈጽሞ አልችልም፤ እንግሊዝኛዬም መካከለኛ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ሆቴሌ ብቻዬን መድረስና ጾሜን ሳልገድፍ መሰንበት ስለሆነ፣ አገሩን የምታውቁ ብትመክሩኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።

መላሽ አንድ፦
እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ናሪታ ከቶኪዮ መሀል 60 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ የታክሲ ሒሳቡ ከባድ ነው፤ በባቡር ወይም በአውቶቡስ ግቢ። የጣቢያዎቹ ስም በላቲን ፊደልም ይጻፋል። ከዚህም በላይ በምድር ውስጥ ባቡር እያንዳንዱ ጣቢያ የመስመሩ ፊደልና የራሱ ቁጥር አለው፤ ለምሳሌ በጊንዛ መስመር ጊንዛ ጣቢያ «ጂ 09»፣ አሳኩሳ ደግሞ «ጂ 19» ስለሆነ፣ ወደ አሳኩሳ ስትሄጂ ቁጥሩ እየጨመረ ከመጣ አቅጣጫሽ ትክክል ነው። ሱይካ የተባለውን ካርድ ገዝተሽ ገንዘብ ከሞላሽበት በየጊዜው ትኬት ለመቁረጥ አትቸገሪም። ባቡሮቹ እኩለ ሌሊት ገደማ ሥራ እንደሚያቆሙ ግን አትርሺ።

እጅግ የማሳስብሽ የሆቴሉን ስም፣ አድራሻና ስልክ በጃፓንኛ ፊደል በወረቀት ላይ አትመሽ እንድትይዢ ነው። በቶኪዮ አብዛኞቹ መንገዶች ስም የላቸውም፤ አድራሻ የሚሰጠው በሰፈር፣ በብሎክና በሕንፃ ቁጥር ነው። መንገድ ከጠፋሽ «ኮባን» ወደሚባለው አነስተኛ የፖሊስ ጣቢያ ገብተሽ ወረቀቱን አሳዪ፤ መንገድ ማመልከት ከዕለት ሥራቸው አንዱ ነው።

መላሽ ሁለት፦
ስለ ጾሙ እኔ ልጨምር። ሥጋ አልበላም ማለት ብቻ አይበቃዎትም፤ ምክንያቱም አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባና ወጥ ሳይቀር ብዙውን ጊዜ «ዳሺ» በተባለ፣ ከደረቀ ዓሣ በሚወጣ መረቅ ይሠራል። ስለዚህ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተትና የዓሣ መረቅ እንደማይበሉ የሚገልጽ ጽሑፍ በጃፓንኛ አዘጋጅተው ከማዘዝዎ በፊት ያሳዩ። የቡዲስት መነኮሳት ምግብ የሆነው «ሾጂን ርዮሪ» ሥጋም ዓሣም ስለሌለበት ለጾመኛ ይስማማል፤ ዋጋው ግን ይወደዳል። ለፋሲካ ይሆነኛል ብለው ቋንጣ እንዳይዙ፤ ያለ ምርመራ የምስክር ወረቀት የሥጋ ውጤት ማስገባት ክልክል ነው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጽሑፉን በስልክ መተርጎሚያ ላዘጋጀው?

መላሽ ሦስት፦
ለሥልጠናው አዘጋጆች በኢሜይል ልከሽ እንዲጽፉልሽ ብትጠይቂ ይሻላል፤ በምግብ ጉዳይ ማሽን ቢሳሳት ጾምሽ ይገደፋል። የስልክ መተርጎሚያውንም ቢሆን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ከአዲስ አበባ ሳትነሺ ጫኚው። ሱዶኤፌድሪን ከ10 በመቶ በላይ ያለበት የጉንፋን መድኃኒት እዚያ የተከለከለ ስለሆነ የመድኃኒትሽን ይዘት አስቀድመሽ አንብቢ። የኤሌክትሪኩ ኃይል 100 ቮልት፣ ሶኬቱም ባለ ሁለት ጠፍጣፋ እግር መሰኪያ የሚቀበል ስለሆነ አስማሚ ያዢ። ለፖሊስ 110፣ ለአምቡላንስ 119 ይደወላል፤ ሁለቱንም ከአድራሻው ሥር ጻፊያቸው።