የሰፈር ጀግና ተባለ አሉ

ሹፌሩ፦ ትናንት ቢኒ እዚሁ ግሩፓችን ላይ «የቴክሳሱ የካንትሪ ዘፋኝ አሮን ዋትሰን የሰፈር ጀግና ነው፣ የካንትሪ ሙዚቃ ካምፓኒዎቹ ከተማ ናሽቪል ሄዶ ካልፈረመ የትም አልደረሰም» ብሎ ጻፈ። ልለፈው ብዬ ነበር፣ አላስቻለኝም። የአማሪሎው ልጅ እኮ በፈረንጆቹ 2015 አልበሙ የቢልቦርድ መጽሔት የካንትሪ አልበሞች ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ሆኖ ነው የገባው! ካምፓኒ ሳይዝ እንዲያ የገባ ወንድ የካንትሪ ዘፋኝ ከሱ በፊት አልነበረም።

ቢኒ፦ በስንት ኮፒ ጋሼ? 26 ሺህ ገደማ። አዲስ አበባ ስታዲየምን እንኳ አይሞላም።

ሹፌሩ፦ ሌላው በካምፓኒ ብር ተገፍቶ ነው የሚሸጠው። በ2017ቱ አልበሙ ደግሞ አንዱ ዘፈን በአገር አቀፍ የካንትሪ ሬዲዮ ሰንጠረዥ 10ኛ ደርሷል። ለመሆኑ እዚያው ቴክሳስ ውስጥ ከአማሪሎ ሂዩስተን ነድተህ ታውቃለህ? 950 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሰፈር ነው የምትለው?

ሂሩት፦ ሹፌር ሁሉን በኪሎ ሜትር ነው የሚለካው፣ ሃሃሃ።

ቢኒ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አዲስ አበባ እያለን የሰማናቸው እነማን ናቸው? ጂም ሪቭስ፣ ኬኒ ሮጀርስ፣ ዶን ዊሊያምስ። ሦስቱም የቴክሳስ ልጆች። እዚያው ተቀምጠው ቢቀሩ ኖሮ ማን ይሰማቸው ነበር? ሰፈር ያልኩት ይሄንን ነው።

ማሲንቆ፦ ሌላውን የቴክሳስ ልጅ ዊሊ ኔልሰንን ለምን ዘለልከው? ናሽቪል ስንት ዓመት ለፍቶ፣ ኮከብ የሆነው በፈረንጆቹ 70ዎቹ መጀመሪያ ቴክሳስ ከተመለሰ በኋላ ነው።

ቢኒ፦ ተመለሰና ሸክላውን ማን አሳተመለት? መጀመሪያ አትላንቲክ፣ ቀጥሎ ኮሎምቢያ የሚባሉት ትልልቅ የሙዚቃ ካምፓኒዎች። ቴክሳስ ኦስተን ተኝቶ ኒው ዮርክ ፈረመ። አድራሻ መቀየር ሌላ።

ማሲንቆ፦ እሺ ገንዘቡን እናውራ። ካምፓኒ ቅድሚያ ሲሰጥህ ምርቃት አይደለም፣ ከድርሻህ እየቆረጠ ይመልሰዋል። ማስተሩም፣ ማለት ዋናው ቅጂ፣ የካምፓኒው ሆኖ ይቀራል። በካሴት ጊዜ የእኛ ዘፋኞች ለሙዚቃ ቤት አንዴ ሸጠው ዕድሜ ልክ ሲቆጩ አይተን፣ በራሱ ሌብል፣ በራሱ የሙዚቃ አሳታሚ ስም፣ የሚያወጣውን ሰው እናሽሟጥጥ?

ቢኒ፦ ስቱዲዮውን፣ ባንዱን፣ አውቶቡሱን፣ ሬዲዮ ጣቢያ የሚለማመጥለትን ሰው ማን ይከፍላል? ራሱ! ዕዳውም የራሱ ነው።

ሂሩት፦ ሌላውን የቴክሳስ ዘፋኝ ኮዲ ጆንሰንን ረሳችሁት። የእስር ቤት ጠባቂ የነበረው። በራሱ እያወጣ በ2016 አልበሙ በካንትሪ ሰንጠረዡ ሁለተኛ ደረሰ፣ ግን በ2018 ከትልቁ ካምፓኒ ዋርነር ጋር ፈረመ። በ2022 ዘፈኑ ሬዲዮ ላይ አንደኛ ወጣ።

ቢኒ፦ ሂሩትዬ ተባረኪ። ከእንግዲህ ምን ቀረ?

ሹፌሩ፦ የቀረማ አለ! ሲፈርም የራሱን ሌብል ይዞ ነው የገባው። ያን ያህል ቲኬት ቴክሳስ ውስጥ ባይሸጥ ኖሮ ዋርነር እንዲያ ይደራደረው ነበር? የሰፈር ጀግና ስለነበረ ነው። እናንተ ሜሪላንድ ቁጭ ብላችሁ አይገባችሁም። ኒው ብራውንፌልስ ግሪን ሆል ግቡ፣ 1878 የተሠራ የእንጨት አዳራሽ ነው፣ ማቀዝቀዣ እንኳ የለውም። ባለፈው ቅዳሜ ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ልጆች ሲጫወቱ፣ ሽማግሌው ከነባርኔጣው ሚስቱን ይዞ ወለሉን ይዞራል፣ ላቡ በጀርባው ይወርዳል፣ ግጥሙን አንድ ሳይስት። ያ ሕዝብ በየሳምንቱ በር ላይ ከፍሎ ይገባል። ሰንጠረዥ ምን ያደርግለታል?

ሂሩት፦ ቆይ ጋሼ። ባለፈው ቅዳሜ? የእድሩ ስብሰባ ዕለት «ጭነት ይዤ ኤል ፓሶ ነኝ» ብለው አልነበረም እንዴ የቀሩት?

ሹፌሩ፦ ስመለስ ነው ጎራ ያልኩት። የምናወራው ስለ ዋትሰን ነው።

ማሲንቆ፦ ከኤል ፓሶ ዳላስ ሲመለሱ በኒው ብራውንፌልስ? መንገዱ ተቀየረ?

ቢኒ፦ ኪሎ ሜትሩን ይንገሩና ጋሼ!

ሹፌሩ፦ አንተ ዝም በል። የቴክሳስን መንገድ ከሜሪላንድ ልታስተምረኝ ነው?

ሂሩት፦ የቀሪ መቀጫ 20 ዶላር ነው፣ ገንዘብ ያዡ ጋር ይላኩ። ዋትሰንን በኋላ እንመለስበታለን።