ዋጋ ከጉልበት ይመጣል ወይስ ከገንዘብ? ክርክር

የታሪክ መምህር፦ እኔ ከአሞሌ ጨው ልጀምር። ጨው አፋር ላይ በመጥረቢያ ተፈልጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ደጋ ይወጣ ነበር። እዚያው ርካሽ ነው፤ ጎንደር ሲደርስ ይወደዳል። ጨውነቱ አልተለወጠም፤ የተጨመረበት የሰውና የእንስሳ ድካም ነው። ጀርመናዊው አሳቢ ካርል ማርክስ በ1867 እ.ኤ.አ. ያለው ይኸው ነው፦ የዕቃ ዋጋ መሠረቱ በአማካይ የሚጠይቀው የሥራ ጊዜ ነው።

ባለሱቋ፦ መምህር፣ ኬላውን ረሱት! በየመንገዱ ቀረጥ ይከፈል ነበር። ቀረጥ ደግሞ ድካም አይደለም። የራሴንም ልንገርዎት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ወር ሳይሞላ ከ100 አለፈ። ከውጭ የሚመጣውን ዕቃ የሠራው ሰው በዚያ ወር ምን የተለየ ደከመ? ምንም።

የኢኮኖሚክስ ተማሪ፦ እህቴ፣ እዚያ ላይ የወረደው ብሩ ነው እንጂ የወጣው ዕቃው አይደለም። ሁለት ጥያቄ ተደባልቆብናል። ገንዘብ ሲበዛ ዋጋ በጠቅላላው ይወጣል፤ ይህን ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሁም በ1752 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ኪሎ ቡና ከኪሎ ጤፍ ለምን እንደሚበልጥ ግን የገንዘቡ ብዛት አይነግረንም። እዚህ ላይ ዋጋ ከጉልበት ይመጣል የሚሉት ሰዎች ቢያንስ መልስ አላቸው።

ግን መምህርንም ልሞግት። ማርክስ ገንዘብም ራሱ ወርቅና ብር ስለሆነ ዋጋው ከማዕድን አውጪው ድካም ይመጣል ይላል። አፄ ምኒልክ ያሳተሙት የብር ሳንቲምስ? ክብደቱም በውስጡ ያለው የብር መጠንም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ትሬዛ ምስል ካለበት የብር ሳንቲም ጋር ተመሳሳይ ነበር ማለት ይቻላል። ገበሬውና ነጋዴው ግን ለረጅም ጊዜ ትሬዛን ነው የመረጠው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞታለች፤ ሳንቲሟ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ መታተሙ ቀጠለ። ልዩነቱን የፈጠረው ድካም ሳይሆን እምነት ነው።

የታሪክ መምህር፦ በትሬዛ ረታኸኝ፤ እውነት ነው። ዋጋን ከጉልበት ያያያዘው እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ዴቪድ ሪካርዶም በ1817 እ.ኤ.አ. ብርቅ ሥዕልንና ምርጥ ወይንን ከዚህ ሕግ አውጥቷቸዋል። ጨዉን ግን አልለቅም። አሞሌ በክረምት ይወደድ የነበረው መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን ነው። ሲራራ ነጋዴው ብዙ ቀን ይጓዛል፣ ብዙ ይደክማል።

ባለሱቋ፦ በበጋ ገዝቶ ቤቱ ያስቀመጠውስ፣ መምህር? እሱ ጭቃ አልረገጠም። የሸጠው ግን በክረምቱ ዋጋ ነው።